ቫሌታን ጉልበቷን ከሚያማት እናቴ ጋር፦ የቱን እንይ፣ የቱን እንተው?

ስምረት ከጀርመን

ሰላም ለቤቱ። እናቴ ከአዲስ አበባ እኔ ጋ መጥታለች። ቪዛዋ ሼንገን ስለሆነ ማልታም ያስገባታል፤ መጋቢት ላይ ዋና ከተማዋን ቫሌታን ላሳያት ነው፣ ሁለት ሙሉ ቀን አለን። ሐሳቡ የሷ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት መላጥያ ይቺ ማልታ መሆኗን ከሰማች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም።

ችግሩ ጉልበቷን ያማታል። ፎቶ ላይ ሳየው ደግሞ ከተማው ሁሉ ደረጃ ነው። የቱን ብንተው አይቆጨንም? ጾም ላይም ናት፣ ዓሣ አትነካም። የምታውቁ ምከሩኝ።

የወደቡ ልጅ

እኔ እዚሁ ማልታ ነው የምኖረው። ደረጃው አያስፈራሽ። ከተማዋ ረጅም ኮረብታ ጀርባ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ሪፐብሊክ የሚባለው ጎዳናና ከጎኑ ያለው መርቻንትስ ጎዳና ጀርባውን ይዘው ስለሚሄዱ ከከተማው በር እስከ መሃል ድረስ ጉልበት አይፈትኑም። ደረጃ ያለው ግራና ቀኝ ወደ ባሕሩ የሚወርዱት መንገዶች ላይ ነው። ፎቶ የሚነሣውም እነሱ ጋ ነው፣ አንቺ ግን እርሺያቸው። ድንጋያቸው በእግር ብዛት ስለላመ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል።

አውቶቡሶቹ ከበሩ ፊት ለፊት ነው የሚቆሙት። ስትገቡ በስተቀኝ የላይኛው ባራካ የሚባል የአትክልት ስፍራ አለ፣ መቀመጫ እንደ ልብ ነው፣ ወደቡ በሙሉ ከሥር ይታያል። እኩለ ቀን ላይና በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ላይ መድፍ ይተኮሳል። እናትሽን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ሳይሰሙ ከሆነ የሚደነግጡት ድንጋጤ ለጉልበታቸውም አይበጅ!

ከዚያው ሥፍራ ወደ ባሕሩ የሚያወርድ ሊፍት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተሠራ፣ ቁመቱ ወደ 58 ሜትር። በእሱ ወርዳችሁ በጀልባ ወደብ ማዶ ወዳለችው የድሮ ከተማ ወደ ቢርጉ ተሻገሩ። ቫሌታ ከመቆርቆሯ በፊት ናይቶቹ፣ ያኔ ደሴቷን ይገዙ የነበሩት የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ወታደሮች፣ የነበሩት እዚያ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ የጉዞው ምርጡ ክፍል ይሄ ነው፤ እናትሽ ቁጭ ብለው ነው ከተማዋን የሚያዩት። ቤተ መንግሥቱንና ሙዚየሞቹን ብትዘዪ ምንም አይቀርብሽ።

ታሪክ ወዳዱ

የወደቡ ልጅ፣ በጀልባው እስማማለሁ፣ ግን የቅዱስ ዮሐንስን ካቴድራል ረስተሃል እኮ! እሱን ሳያዩ ቫሌታ ሄድኩ አይባልም።

ስምረት፣ ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1565 የኦስማን ቱርክ ጦር ደሴቷን ከቦ ወራት ተዋጋ። ሴንት ኤልሞ የሚባለው ትንሽ ምሽግ ብቻውን አንድ ወር ያህል ተከላክሎ ነው የወደቀው፣ ደሴቷ ግን አልተያዘችም። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1566፣ የናይቶቹ አለቃ ዣን ደ ላ ቫሌት አዲስ ከተማ አስጀመረ። ስሟም ከእሱ ነው። ካቴድራሉን በ1570ዎቹ ሠሩት። ከውጭ ምሽግ ይመስላል፣ ምንም አይስብም፣ ገብተሽ ግን ግድግዳው ወርቅ በወርቅ ነው። ወለሉ በሙሉ የናይቶች መቃብር ነው፣ 400 ገደማ ባለ ቀለም እብነ በረድ፣ አጽምና የራስ ቅል የተሣለበት። እናትሽ መቃብር መርገጥ ሊከብዳቸው ስለሚችል ይሄንንም አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ዋናው ግን በጎን ባለው ክፍል ያለው የካራቫጆ ሥዕል ነው። ሰውየው ሮም ውስጥ ነፍስ አጥፍቶ የሸሸ ሠዓሊ ነው። ማልታ መጣ፣ በ1608 ናይት ተደረገ፣ በዚያው ዓመት የመጥምቁ ዮሐንስን አንገት መቆረጥ ሣለ። ትልቅ ነው፣ ወርዱ ከ5 ሜትር ያልፋል። ገዳዩ ጎንበስ ብሎ ቢላውን ከወገቡ ሊያወጣ ሲል፣ ልጅቷ ሳህኑን ዘርግታ፣ አሮጊቷ ራሷን ይዛ፣ ሁለት እስረኞች በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ሲያዩ። ስሙን የፈረመው ከዮሐንስ አንገት በፈሰሰው ደም ውስጥ ነው። ብዙም ሳይቆይ ተጣላና ታሰረ፣ አመለጠ፣ ናይቶቹም እዚያው ሥዕሉ ባለበት አዳራሽ ተሰብስበው አባረሩት። የዮሐንስን ታሪክ ለሚያውቁ እናት ሥዕሉ አስጎብኚ አያስፈልገውም።

እሁድ ለጎብኚ ዝግ ነው። ትከሻ መሸፈን ግድ ነው (ለእናትሽ ነጠላቸው ይበቃል)፣ ሹል ተረከዝ ጫማም አያስገቡም።

ስምረት ከጀርመን

ሁለታችሁም እግዜር ይስጥልኝ። መድፉን ነግሬያታለሁ፣ ሳቀች። ግን የጳውሎስ ነገርስ? እሷ የመጣችው ለእሱ ነው፣ ካራቫጆን ከየት ታውቀዋለች።

ማርታ ዘሊያ

እህቴ፣ እኔም እናቴን ወስጃት ስለነበር ልንገርሽ። ቫሌታ ውስጥ የጳውሎስ መርከብ መሰበር ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከመርቻንትስ ጎዳና ትንሽ ወረድ ብሎ። የእጁ አጥንት ነው የሚባል ቅርስና ሮም ላይ አንገቱ ተቆርጦበታል ከሚባለው ዓምድ ቁራጭ እዚያ አለ። ግን በር ላይ ብዙ ምልክት አትጠብቂ፣ ሳይታወቅሽ ልታልፊው ትችያለሽ።

ሁለተኛውን ቀን እዚያው ማልታ ራባት ለምትባለው ከተማ ስጪው። ከቫሌታ በአውቶቡስ ይኬዳል። ጳውሎስ በደሴቷ በቆየባቸው ሦስት ወራት ያስተምርበት ነበር የሚባለው ዋሻ እዚያ ነው፣ ፖፕ ፍራንሲስም እ.ኤ.አ. በ2022 መጥተው ጸልየውበታል። ወደ ዋሻው ደረጃ መውረድ አለ፣ ይሄኛው አይቀርም፣ ደግፈሽ ቀስ እያላችሁ ውረዱ። እናቴ እዚያ ደርሳ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28ን ከእፉኝቷ ጀምራ በቃሏ ስትለው እኔ ነኝ ያፈርኩት፣ ያን ያህል እንደምታውቅ አላውቅም ነበር። ከዚያ የድሮዋ ዋና ከተማ ምዲና አፍንጫችሁ ሥር ናት። ውስጧ ብዙም ዳገት የለውም።

ምግቡ ቀላል ነው። ቢጊላ የሚሉት አለ፣ የተፈጨ ባቄላ በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት፣ በዳቦ ይበላል። ፓስቲትሲ የሚባለውን የአተሩን አምባሻ ግን ሊጡ ውስጥ የእንስሳ ስብ ስለሚገባበት ጠይቀሽ ብይ። የእነሱ ስቅለት ቀን ደግሞ ከኛ ጋ ላይገጥም ስለሚችል ቀኑን እይው፣ የመንግሥት ሙዚየሞች ያን ዕለት ይዘጋሉ። ለመጋቢት ነፋስ ጋቢም ያዢላት፣ ነጠላው ብቻውን አይችለውም።