የሳምንቱ ክርክር፦ ሳይንስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በአማርኛ ይሰጥ ወይስ በእንግሊዝኛ ይቀጥል?

ቦርከና (አወያይ)፦
ሰላም ጀመዓው። የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከሰፈር የመጣ ነው። በክረምት ለ9ኛ ክፍል ገቢዎች የሳይንስ ማጠናከሪያ ልንጀምር ነው። ብር አዋጥተናል፣ ክፍልም ተገኝቷል። የተጣላነው በቋንቋው ነው። ግማሻችን በአማርኛ እናስተምር አልን። ሌላው ግማሽ "ልጆቹን ልትቀብሯቸው ነው እንዴ?" አለ። እና ጥያቄውን ሰፋ ላድርገው። ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ መሰጠቱ ከንጉሡ ዘመን የመጣ ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲም አጸናው። ይቀጥል ወይስ ይብቃ? ስድብ አጠፋለሁ።

የጦሳ ልጅ፦
ይቀጥል። ኮምቦልቻ ነው ምህንድስና የተማርኩት። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ሶፍትዌሩ በእንግሊዝኛ። ፋብሪካ ገብተህ ማሽን ሲቆም ስክሪኑ ላይ በአማርኛ አይጽፍልህም። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ነፃ ኮርስ ሲመጣ ከሰፈራችን ስንቱ ተመዘገበ፣ ስንቱ ጨረሰ? እኔ የማውቃቸው ያቋረጡት ኮዱ ከብዷቸው አይደለም፤ ማብራሪያውን ማንበብ አቅቷቸው ነው። ልጁን 9ኛ ክፍል ላይ ከእንግሊዝኛ ብታሳርፈው ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ይጠብቀዋል። እዚያ ደግሞ ማንም አያዝንለትም።

የጋራዡ፦
ወንድሜ የጦሳ፣ እኔ ኮምቦልቻ መኪና ስጠግን 20 ዓመት አለፈኝ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ሰልባትዮ። ሁሉም ጣልያንኛ ነው ይሉናል። እኔ ጣልያንኛ አንድ ቀን አልተማርኩም። ያሠለጠነኝ ሰውዬ ፍሪሲዮኑን አስፈትቶ መሬት ላይ ዘረጋው። "ይሄ ሞተሩንና ካምቢዮውን ያገናኛል፣ ስትረግጠው ይለያያቸዋል" አለኝ። አስነካኝ። አለቀ። ስሙ የጣልያን ይሁን የቻይና ምን ቸገረኝ? ሳይንሱንም እንደዚያ አድርጉት። ስሙን ተዉት፣ ነገሩን በሚገባን አስረዱን።

የፊዚክስ መምህር፦
ክፍል ውስጥ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ደሴ ነው የማስተምረው። ከፍታ ሲጨምር ቦይሊንግ ፖይንት (ውሃ የሚፈላበት ሙቀት) ለምን ይቀንሳል ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅኩ። ጸጥ። ደብተር ማገላበጥ ጀመሩ። ከዚያ በአማርኛ እንዲህ አልኳቸው፦ "ባቄላ እናንተ ቤት ሲቀቀልና ኮምቦልቻ አክስታችሁ ቤት ሲቀቀል፣ የቱ ይዘገያል?" ክፍሉ ተንጫጫ። "የኛ!" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይቀንሳል፣ ግፊቱም ይላላል። ውሃ ደግሞ የሚፈላው እንፋሎቱ የአየሩን ግፊት ሲያሸንፍ ነው። ግፊቱ ከላላ ቶሎ ያሸንፋል። ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ኮምቦልቻ በ94 ገደማ፣ ደሴ በ92 ገደማ ይፈላል። ከዚያ በላይ እሳት ብትጨምሩ ውሃው ይተናል እንጂ አይግልም። ስለዚህ የደሴ ባቄላ የሚበስለው ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ነው። ይዘገያል።

ይህን ልጆቹ ራሳቸው ደረሱበት። እኔ ጠየቅኩ እንጂ አላስተማርኩም ማለት ይቻላል። በሳምንቱ ያንኑ በእንግሊዝኛ ፈተንኳቸው። አብዛኞቹ ሳቱ። ወረቀቱ ላይ ያለው ያ ባቄላ መሆኑን አላወቁትም። እና እኔ ከየትኛው ወገን እንደምቆም ግራ ገብቶኛል።

የጦሳ ልጅ፦
መምህር፣ ከኔ ወገን ነዎት። ሳቱ አሉ እኮ!

የጋራዡ፦
ከኔ ወገን ናቸው። ገባቸው አሉ እኮ!

ደረሳው፦
እናንተ ይህን እንደ አዲስ ነገር ትጨቃጨቁበታላችሁ። ወሎ ውስጥ መልሱ ዱሮ አለ። እኔ በልጅነቴ ኪታብ ቀርቻለሁ፣ የሃይማኖት መጽሐፍ ተምሬያለሁ ማለት ነው። ኪታቡ ዐረብኛ ነው። ሸኹ አንድ መስመር ያነባሉ፣ ከዚያ በአማርኛ ይፈቱታል። እንደገና ያነባሉ። ደረሳው (ተማሪው) ዐረብኛውንም ትርጉሙንም ይዞ ይወጣል። ጎረቤታችን ደግሞ የአብነት ተማሪ ነበር። የሱም ያው ነው። ንባቡ በግዕዝ፣ አንድምታው በአማርኛ። "አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው" እያሉ ያብራራሉ። ንባቡን ያስቀረ የለም፤ ትርጓሜውንም ያስቀረ የለም። እኛ ግን 9ኛ ክፍል ላይ ንባቡን ብቻ ይዘን ትርጓሜውን ጣልነው።

ለተራው ሰው ደግሞ መንዙማው ነበር። የወሎ ዑለማዎች ዐረብኛ አልጠፋቸውም። ግን በአማርኛ ደረሱ። በዐረብኛ ፊደል አማርኛ ጻፉ፤ አጀሚ ይባላል። ማንበብ የማይችለው ሰው በቃሉ ያዘው። ኪታብ ቤት ያልገባችው አያቴ ስንቱን ታውቅ ነበር መሰላችሁ። ለፊዚክስ መንዙማ ይደረስለት እያልኩ አይደለም። (ቢደረስለት ግን አልጠላም።)

የጦሳ ልጅ፦
ደረሳው አክባሪህ ነኝ። ግን አንዲት ኪታብ ለማኽተም (ለመጨረስ) ስንት ጊዜ ፈጀብህ? የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ በአንድ ዓመት ማለቅ አለበት። በሁለት ቋንቋ ማስተማር ሁለት ጊዜ ማስተማር ነው። መጽሐፉ ግማሹ ላይ ሲደርስ ሰኔ ይመጣል።

ደረሳው፦
አሁንስ ያልቃል እንዴ? በአንድ ቋንቋ አልቆ የማይገባ ይሻላል?

የፕላዝማ ትውልድ፦
እኔ የምናገረው ከቁስል ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ የመጣ ጊዜ 9ኛ ክፍል ነበርኩ። ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰውዬው በፈጣን እንግሊዝኛ ይነግረናል። ጥያቄ ይጠይቃል። "መልሱን ጻፉ" ይልና ጥቂት ሰከንድ ይሰጠናል። እርሳስ ሳናነሳ መልሱን ራሱ ይነግረናል። መምህራችን በር ላይ ቆሞ ከኛ እኩል ያያል። ሥዕሎቹ ግን ግሩም ነበሩ፣ እሱን አልክድም። አቶም ሲዞር ያየሁት ያኔ ነው። መብራት ሲጠፋ መምህሩ ተነሥቶ በአማርኛ ሲያስረዳን ነበር የሚገባን። መብራት ይጥፋ ብለን የምንጸልይ ልጆች ነበርን።

ከከሚሴ፦
ሁላችሁም "በአማርኛ ወይስ በእንግሊዝኛ" ትላላችሁ። እኔ እስከ 8ኛ የተማርኩት በአፋን ኦሮሞ ነው። 9ኛ ክፍል ኮምቦልቻ ገባሁ። እንግሊዝኛው ለሁላችንም እኩል ጨለማ ነበር። መምህሩ ሲያዝንልን ወደ አማርኛ ይቀይራል። ያን ጊዜ ጓደኞቼ ይስቃሉ፣ ይገባቸዋል። እኔ ገና ቃሉን እየፈታሁ ነኝ። የገበያ አማርኛ አውቃለሁ፤ የፊዚክስ አማርኛ ግን ሌላ ቋንቋ ነው። "መጠነ ቁስ" ሲል (ማስ ለማለት ነው) ስለ ገበያ ዕቃ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። እና ሳይንሱ በአማርኛ ይሁን ካላችሁ ከእኔ መንደር የሚመጣውን ልጅ የት ታደርጉታላችሁ? የእንግሊዝኛ አንዱ ጥቅም ማንንም አለማዳላቱ ነው።

ቦርከና (አወያይ)፦
ጥያቄውን ስጽፍ ይህን አላሰብኩትም። ከከሚሴ ያን ያህል አንርቅም፤ ማሰብ ነበረብኝ።

የጋራዡ፦
ወላሂ ይሄ ከባድ ነው። ጋራዥ ውስጥ ከከሚሴም ከባቲም የመጡ ልጆች አሉኝ። በአማርኛ ካልገባው ጓደኛውን በኦሮምኛ አስረዳው እላለሁ። ግን አብረን መኪናው ስር ተኝተን ነው። 60 ልጅ ባለበት ክፍል እንዴት እንደሚሆን አላውቅም።

የፊዚክስ መምህር፦
አንድ ነገር ልጨምር። ትምህርት ሚኒስቴር በ1999 ዓ.ም. ያስጠናው ጥናት ነበር። እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል ምዘና በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። የከሚሴው ወንድማችን በአፋን ኦሮሞ መማሩ ጠቅሞታል እንጂ አልጎዳውም። ችግሩ 9ኛ ክፍል ላይ በአንድ ክረምት ሁሉም ነገር መገልበጡ ነው።

የጦሳ ልጅ፦
ጥናቱ ስለ 8ኛ ክፍል ነው መምህር። እኛ የምንከራከረው ስለ 9 እና ከዚያ በላይ ነው። እሱን ወደዚህ መጎተት ልክ አይመስለኝም።

የፕላዝማ ትውልድ፦
የ12ኛ ክፍሉንስ ምን ትላለህ? 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015ቱ 3.2፣ ከ2016ቱ 5.4 ናቸው። በማያውቁት ቋንቋ ተምረው በማያውቁት ቋንቋ ተፈትነው ነው።

የፊዚክስ መምህር፦
እዚህ ላይ የጦሳውን ልጅ ላግዘው። ያንን ውጤት በቋንቋ ብቻ ማላከክ አይቻልም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ጀመረ፣ ኩረጃው ቀነሰ። እዚህ ደግሞ ጦርነት አልፏል፤ ወንበርና ቤተ ሙከራ የተዘረፈበት ትምህርት ቤት ስንት ነው? ቋንቋው አንዱ ነው፤ ብቻውን ግን አይደለም።

የጦሳ ልጅ፦
አመሰግናለሁ መምህር። ሌላም ፍርሃት አለኝ። መንግሥት ትምህርት ቤት በአማርኛ ይሁን ቢባል ብር ያለው ሰው ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ የግል ትምህርት ቤት ያስገባል። አሁንም ያስገባል፤ ያኔ ግን ልዩነቱ ገደል ይሆናል። የድሃ ልጅ በአማርኛ ፊዚክስ ያውቃል። የሀብታም ልጅ በእንግሊዝኛ ሥራ ያገኛል። ደግሞ ቃላቱስ? አክስለሬሽንን "ሽምጠጣ" የሚሉት አሉ። እስቲ ሳትስቁ በሉት።

የጋራዡ፦
ሽምጠጣ? እሱማ ገባኝ! ፈረሱ ሽምጥ ጋለበ እንደምንለው ነው። በጣም ፈጠነ ማለት ነው።

የፊዚክስ መምህር፦
አዎ፣ አይደለምም። ፈረሱ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ቀጥ ብሎ እየጋለበ ከሆነ አክስለሬሽን የለውም፤ የፈለገ ቢፈጥንም። አክስለሬሽን የፍጥነት መለወጥ ነው። ከሐረጎ ተራራ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝም አክስለሬሽን አለ፤ ፍጥነቱ እየቀነሰ ነውና። ኩርባው ላይ ሲዞርም አለ። የፍጥነት መለኪያው ዘንግ 40 ላይ ቆሞ እንኳ አለ፤ አቅጣጫው ተቀይሯልና። በሩ ላይ የሚያስጠጋህ እሱ ነው።

የጋራዡ፦
አሃ። ለዚህ ነው ሐረጎ ላይ ተሳፋሪው ጭንህ ላይ የሚቀመጠው!

የጦሳ ልጅ፦
አያችሁ? በሚታወቅ ቃል ብትሰይሙት በተሳሳተ መንገድ ይገባል። "አክስለሬሽን" ብትሉት ግን ምንም ስለማይመስል ልጁ ይጠይቃል።

ደረሳው፦
ወይም ምንም ስለማይመስል ሸምድዶ ያልፋል። ሐረጎን ያነሡት መምህሩ ናቸው እንጂ ቃሉ አይደለም።

የሐናን እናት፦
ልጆቼ፣ እኔ ሰኞ ገበያ አጠገብ ምግብ እሸጣለሁ። ሐናን ዘንድሮ 8ኛን ጨርሳለች፤ ክረምት የምታስተምሯት እሷን ነው። የባቄላውን ነገር አነበበችልኝ። እኔ ክዳኑ ላይ ድንጋይ እጭንበታለሁ። ይረዳል?

የፊዚክስ መምህር፦
እትዬ፣ ትንሽ ይረዳል፣ ግን እንደሚያስቡት አይደለም። ሁለት ኪሎ ድንጋይ በሰፊ ክዳን ላይ ሲዘረጋ ግፊቱ እዚህ ግባ አይባልም። የሙቀቱ ጭማሪ አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። የሚጠቅምዎ ክዳኑ ራሱ ነው፤ ሙቀቱን አያስወጣም፣ ከሰልም ያተርፋል። በደንብ እንዲግል ከፈለጉ ጎማ ያለው፣ አፉ ጥብቅ የሚገጥመው የእንፋሎት ድስት ነው የሚያስፈልገው። የእንፋሎት መውጫውን ግን በየጊዜው ያጽዱት፤ ከተደፈነ አደገኛ ነው። ማታ መዘፍዘፍ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

የሐናን እናት፦
አላህ ይስጥህ። ይህን የሚነግረኝ ሰው ሳላገኝ ስንት ዓመት ድንጋይ ተሸከምኩ።

የፊዚክስ መምህር፦
እስቲ ለሐናን አንድ ጥያቄ ልስጣት፣ በእንግሊዝኛ። አጠራሩን በኛ ፊደል እጽፈዋለሁ። በእንግሊዝኛ ፊደል ገልብጣ ትሥራው። "ኦል ኦፍ ዘ ፎሎዊንግ ሜክ ቢንስ ኩክ ፋስተር ኤክሴፕት።" ምርጫ፦ ሀ. ማታ መዘፍዘፍ። ለ. የእንፋሎት ድስት። ሐ. ኮምቦልቻ ወርዶ መቀቀል። መ. ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቶ መቀቀል። ምርጫዎቹን ለእናንተ ስል በአማርኛ አድርጌያቸዋለሁ።

የሐናን እናት፦
"ሀ" አለች። መዘፍዘፍ።

እኔ ደግሞ "ታዲያ ጦሳ ወጥተን ብንቀቅልስ?" አልኳት። ሳቀችብኝ። "እማ፣ እዚያማ ጭራሽ ይዘገያል" አለች። "ኤክሴፕት" የምትለዋን ቃል፣ በስተቀር ማለት ነው፣ ዘላት ነው ያለፈችው።

የጦሳ ልጅ፦
ይኸው! እኔስ ምን አልኩ?

የጋራዡ፦
ይኸው! እኔስ ምን አልኩ?