«ረዳት እጅ ነው» ለተባለው፦ የፊዚዮና የኦቲ ረዳት በሦስት ወር ይሠለጥናል?

ቱሉ ዲምቱ 4ኛ ፎቅ፦
ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ የፊዚዮቴራፒ (ፊዚዮ፦ የደከመ አካልን በእንቅስቃሴ የሚያክም) እና የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ኦቲ፦ መብላትን፣ መልበስን የመሰለ የዕለት ሥራ መልሶ የሚያስችል) ረዳት ሥልጠና ጉዳይ ተነሥቶ አንድ ሰው «ረዳት እጅ ነው፣ ጭንቅላቱ ባለሙያው ጋ ነው፤ እጅ ለማሠልጠን ሦስት ወር ይበቃል» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰውም ወደደለት። እኔን ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል።

እስቲ እጅ ብቻ ነው የተባለውን ሥራ እንየው። ስትሮክ ቀኝ ጎኑን የያዘው ሰው ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሊዛወር ነው። ዊልቸሩ በደህናው ጎን በኩል ከአልጋው ጋር ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ሰያፍ ይቆማል። ሁለቱም ፍሬኖች ይያዛሉ፣ የእግር ማሳረፊያው ይነሣል። ሰውየው ወደ አልጋው ጠርዝ ይጠጋል፣ ተረከዙን ከጉልበቱ ትንሽ ወደ ኋላ ያስገባል፣ አፍንጫው ከእግር ጣቶቹ ትይዩ እስኪደርስ ጎንበስ ይላል፣ ከዚያ ነው መነሣት ያለው። ረዳቱ የደከመውን ጉልበት በራሱ ጉልበት ደግፎ ወገቡ ላይ የታሰረውን ቀበቶ ይይዛል። በብብቱ ሥር ገብቶ ያነሣው ወይም የደከመውን ክንድ የሳበ ሰው ትከሻውን ይጎዳዋል፤ ጡንቻው ስለማይዘው ክንዱ በራሱ ክብደት ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ያ ትከሻ ከዚያ በኋላ ለወራት እያመመው ልምምዱን ሁሉ ያስተወዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ዓይን ደግሞ ፊቱ ላይ ነው፦ አላበው? ገረጣ? አዞረው? «ልቀጥል ወይስ መልሼ ላስቀምጠው» የሚለውን በዚያች ቅጽበት የሚወስነው ማን ነው? ባለሙያው ጥቁር አንበሳ፣ በሽተኛው ቱሉ ዲምቱ።

ጉልበትና ክርን፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አላነሣውም። ወንድሜ፣ የጻፍከው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን የጻፍከው ሁሉ በሦስት ወር የሚማሩት ነገር ነው። በቀን አሥር ጊዜ ካለማመድከው ማንም ልጅ ይይዘዋል።

እኔ የምፈራው ሌላ ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ቁርጭምጭሚት ሥልጠናችን እስኪያልቅ አይጠብቅም። ብርድ ልብሱ ተጭኖት እግሩ ወደ ታች እንደተዘረጋ ከቆየ ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ ያለው ጅማት እያጠረ ይሄዳል። ካጠረ በኋላ ሰውየው ቢቆም እንኳ ተረከዙ መሬት አይነካም። ይህንንም የአልጋ ቁስልንም የሚከለክለው ቀላል ነገር ነው፦ በየቀኑ መገጣጠሚያውን ቀስ አድርጎ እስከ ዳር ማንቀሳቀስ፣ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ተረከዙን ከፍራሹ አንሥቶ ባቱ ሥር ትራስ ማድረግ፣ ዳሌውንና የጀርባውን ታች በየቀኑ ማየት። ሁለት ዓመት የተማረ ሰው ስንጠብቅ የአልጋ ቁስሉ አጥንት ይደርሳል። ደግሞም ሁለት ዓመት አስተምረኸው ኮዬ ፈጬ ይቀራል ወይ? ቦሌ ያለ የግል ክሊኒክ ይወስደዋል።

ሰበታ ነርስ፦
«እጅ» የሚለው ቃል ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም እጅ ያቃጥላል። ሕመም ለማስታገስ ሰውነት ላይ የሚደረገው የሙቀት ከረጢት (ፓክ) የሚቀመጥበት ውሃ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ነው። ከ6 እስከ 8 ንብርብር ፎጣ ተደርጎበት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቀመጣል፣ በ5ኛው ደቂቃ ተገልጦ ቆዳው ይታያል። ይህን ማንም ይሸመድደዋል። የማይሸመደደው የቱ በሽተኛ ላይ እንደማይደረግ ነው። ስኳር ነርቩን የጎዳው ሰው «አይሞቅም፣ ጨምርልኝ» ይላል፤ ሳይዋሽ ነው፣ አይሰማውም። ረዳቱ መጀመሪያ ዓይኑን አስጨፍኖ አንዱን ሙቅ አንዱን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ብልቃጥ አስነክቶ «የትኛው ነው?» ብሎ ካልጠየቀ እግሩን ቀቅሎት ይነሣል። አለርት የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነው፤ ስሜት የሌለው እጅና እግር ሳያመው እንደሚቆስል እዚያ ያየ ሰው ይህን አይረሳውም።

ባትም እንዲሁ ነው። አንዱ ባት ከሌላው አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነኩት ካመመ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ያን ባት ማሸት የረጋውን ደም ወደ ሳንባ መላክ ነው። ፊዚዮ ማለት ማሸት ነው ብሎ የመጣ የሦስት ወር እጅ መጀመሪያ የሚያሸው እሱን ነው።

ኦቲ ነኝ፦
ሁላችሁም የምታወሩት ስለ እግርና ስለ አልጋ ነው። ርእሱ ላይ ሁለት ሙያ አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦኩፔሽናል ቴራፒን በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ በኋላ እንኳ «የእጅ ፊዚዮ» እየተባልን እንኖራለን።

ቀኝ እጁ አልታዘዝ ያለውን ሰው ማዕድ ላይ እዩት። በግራ መብላት ያሳፍረዋል፤ ቤተሰቡ ያጎርሰዋል። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ግን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለወራት ሲሆን ሰውየው እጁን መሞከሩን ይተወዋል። የሠለጠነ ረዳት ምን ያደርጋል? ከመሶቡ ለይቶ ትንሽ ትሪ ይሰጠዋል፣ እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ያነጥፋል። ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ሁለቱም እግሩ መሬት ይረግጣል፣ የደከመው ክንድ እስከ ክርኑ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። ሽሮው ወፈር ይላል። እንጀራውን ግራው ይይዛል፣ ቀኙ ይቆርሳል፤ መቁረስ ካቃተው ቀኙ ተጭኖ ይይዝና ግራው ይቆርሳል። ዋናው ነገር ቀኙ ማዕዱ ላይ ሥራ ማግኘቱ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጉንጭ ውሃ ይጠጣል፤ ካሳለው፣ ወይም ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ውሃ የቀረ ከመሰለ ማዕዱ እዚያው ይቆማል፣ ባለሙያው ይጠራል። ምግብ ወደ ሳንባ ሲገባ ሁልጊዜ አያስልም፤ ዝም ብሎም ይገባል።

ሸሚዝም ሥርዓት አለው፦ ሲለበስ የደከመው ክንድ ቀድሞ ይገባል፣ ሲወልቅ መጨረሻ ይወጣል። ቡና ማፍላት ለምትፈልግ እናት ጀበናው እስከ ግማሹ ብቻ ይሞላል፣ ረከቦቱ ከመሬት ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ይህ እጅ ብቻ ነው?

ጉልበትና ክርን፦
እህቴ፣ የጻፍሽውን ሚስቱ ብትማረው ትችለዋለች። አስታማሚ አለን፣ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለን። አዲስ ሙያ መፍጠር ለምን አስፈለገ?

ኦቲ ነኝ፦
ሚስቱ ትችለዋለች፤ ግን ማን ያስተምራታል? አስታማሚ የአንድ ሰው ናት። ረዳት ደግሞ ጠዋት ስትሮክ፣ ከሰዓት ሴሬብራል ፖልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበት ሕፃን፣ ማታ ጀሶው የተፈታለት ጉልበት የሚገጥመው ሰው ነው። ለአንዱ ትክክል የሆነው ለሌላው ጉዳት ነው።

ለገጣፎ ዳር፦
ይቅርታ፣ እናንተ ስለ ሥልጠና ትከራከራላችሁ፣ እኛ ሰፈር ወጌሻ አለ፤ ያለ ሥልጠና ስንቱን አቁሟል። አያቶቻችን በምን ዳኑ?

ሰበታ ነርስ፦
ወለምታ የሚያቃና አለ፣ አልክድም። የተሰበረ እግር በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ ጣቶቹ ጠቁረው ሆስፒታል የሚደርስ ልጅም አለ፤ እግሩ የሚቆረጠው በስብራቱ ሳይሆን በማሰሪያው ነው። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ፣ ጣቱን ቀና ሲያደርጉለት ከጮኸ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታል። ይህን አራት ነገር የሚያውቅ ወጌሻ ካለ እኔው ራሴ አብሬው እሠራለሁ።

ለገጣፎ ዳር፦
ወጌሻን ሁሉ በአንድ ዓይን አትይ። ባህላችንን ነው የምትነኪው።

ሰበታ ነርስ፦
የምነካው ማሰሪያውን ነው።

የካ አባዶ ጋሼ፦
ልጆች፣ ወደ ነገሩ እንመለስ። በዚህ ሙያ ሌላ አገር ምን ይደረጋል የሚለውን ላስቀምጥ። ካናዳ ውስጥ የኦቲና የፊዚዮ ረዳት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዲፕሎማ፣ በሁለት ዓመት አካባቢ አብሮ ይሠለጥናል። አሜሪካ ውስጥ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳሉ፣ ከዚያ አገር አቀፍ ፈተና አለ። የኦቲ ረዳት ብቻውን ሲታይ ቢያንስ 16 ሳምንት ሙሉ ቀን በሽተኛ ላይ ይሠራል። ረዳቱ ምርመራ አይሠራም፣ የሕክምና ዕቅድ አያወጣም። በወጣው ዕቅድ ውስጥ ግን ክብደቱን ይቀንሳል፣ ድግግሞሹን ይጨምራል፣ ሲያስፈልግ ያቆማል፣ ያየውንም ይጽፋል። እንግዲህ «ጉልበትና ክርን» እንዳለው እጅ ነው ብንል እንኳ የሚያይና የሚጽፍ እጅ ነው።

እዚህ ዳር አካባቢ ላለነው ሁለቱን አንድ ላይ ማሠልጠን ነው የሚያዋጣው፤ አንድ ብሎክ ላይ ሁለት ሰው የሚመድብ ወረዳ አላይም። ትምህርቱ ግን ከመለካት ይጀምር። የጉልበት መታጠፍ በጎንዮሜትር (የመገጣጠሚያ ማዕዘን መለኪያ) ሲለካ የመሣሪያው እምብርት ከጭን አጥንት በታች ጫፍ በውጭ በኩል ያለው ጉብታ ላይ ያርፋል፣ የማይንቀሳቀሰው ክንድ ወደ ዳሌው ጉብታ፣ የሚንቀሳቀሰው ወደ ውጭኛው ቁርጭምጭሚት ያያል። ሁለት ተማሪ አንድ ጉልበት ለክተው ከ5 ዲግሪ በላይ ከተለያዩ ሁለቱም እንደገና ይለካሉ። መለካት ያልቻለ «ተሻለው» ብሎ ሲጽፍ ባለሙያው ያምነዋል፣ ዕቅዱም በውሸት ላይ ይቀጥላል።

ጉልበትና ክርን፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው የምናገረው፤ ካናዳ ሊፍት አለ። እኛ ጋ ከምድር በላይ አራት ፎቅ ያለሊፍት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መድረሻ ይኑረው ብሎ ነበር፤ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ግን በሽተኛው ተሸክመውት ነው የሚወርደው። የሁለት ዓመት ዲፕሎማ ደረጃውን አይሰብረውም።

ቱሉ ዲምቱ 4ኛ ፎቅ፦
ደረጃውን ካነሣህ እዚያው እንቁም። ክራንች ስንት ይለካል? ከብብት 2 ወይም 3 ጣት ዝቅ ይላል፣ መያዣው ላይ ክርን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ይታጠፋል፣ ክብደት መዳፍ ላይ እንጂ ብብት ላይ አያርፍም። ብብት ላይ ካረፈ ነርቭ ይጫናል፣ የእጅ አንጓው ይወድቃል። ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ ክራንቹና የታመመው እግር ይቀድማሉ። ረዳቱስ የት ይቆማል? ሁልጊዜ ከበሽተኛው በታች፣ ወደ ታመመው ጎን ጠጋ ብሎ፣ ሁለት እግሩን ሁለት ደረጃ ላይ ከፍሎ። ሲወርዱ ከኋላ ቆሞ ቀበቶ የያዘ ረዳት ከበሽተኛው ጋር አብሮ ይወድቃል። ይህን በጤነኛ ጓደኛው ላይ ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን ተለማምዶ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ቢያልፍ እኔ አባቴን አልሰጠውም።

ጉልበትና ክርን፦
እንግዲያው ክፍሉን ቀንሱና በሽተኛ ላይ ጨምሩት፤ መቼ ተቃወምኩ? የተቃወምኩት ዓመቱን ነው።

ሰበታ ነርስ፦
በሽተኛ ላይ የሚጨመረው በማን ዓይን ሥር ነው? የአሠልጣኙ ስም ካርዱ ላይ ይኖራል? ረዳቱ ሲሳሳት የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ሳይጻፍ ሥልጠና የሚከፍት ኮሌጅ ልጆቹን ነው የሚጎዳው። ባለሙያው በሳምንት አንድ ቀን ቤቱ ድረስ መጥቶ አይቶ ይፈርም፣ በቀሩት ቀናት በስልክ ይገኝ። ይህ ካልተጻፈ ለሦስት ወሩም ለሁለት ዓመቱም ድምፄን አልሰጥም።

ኦቲ ነኝ፦
ልምምዱም አንድ ዓይነት ቦታ ብቻ አይሁን። ሆስፒታል ውስጥ አልጋው ከፍና ዝቅ ይላል፣ ሽንት ቤቱ መቀመጫ አለው። ሰው ቤት ሲገባ አልጋው መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው፣ ሽንት ቤቱ ቁጢጥ ነው። መናገሻ ያለው የቼሻየር የአካል ጉዳተኞች ማገገሚያ ለሕፃናት፣ ሆስፒታል ለስትሮክ፣ ከዚያ የሰው ቤት። ቤት ያልገባ ረዳት የኦቲ ግማሹን አልተማረም።

ጉልበትና ክርን፦
ስድስት ወር እላለሁ። ከዚያ በላይ አልጨምርም።

የካ አባዶ ጋሼ፦
ከስድስቱ ወር ስንቱ ሳምንት በሽተኛ ላይ ነው ልጄ?

ጉልበትና ክርን፦
አሥር።

ቱሉ ዲምቱ 4ኛ ፎቅ፦
አሥር ለሁለቱ ሙያ ነው ለአንዱ?

ጉልበትና ክርን፦
ለሁለቱ።

ኦቲ ነኝ፦
እና ለኦቲ አምስት ሳምንት ልትሰጠኝ ነው። አሁንም እጅ ላይ ነህ ማለት ነው።