ለመስኪ ዓሣ ዘንግ ስንት ላውጣ?

ከብሩክሊን ፓርክ፣ ሚኒሶታ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ሚኒሶታ ገብቼ የመጀመሪያውን ብርድ እንደምንም ተወጣሁት። አሁን ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ፣ የዚሁ አገር ሰው ነው፣ በጁን ሚል ላክስ ሐይቅ ላይ በጀልባው ሊወስደኝ ቀጠሮ ይዘናል። የሚያጠምደው መስኪ የሚሉትን ዓሣ ነው። "ዘንግ ብቻ ይዘህ ና" አለኝ። ሱቅ ገብቼ ሳይ ከ40 ዶላር ጀምሮ እስከ 500 ድረስ ተደርድሯል። ቤት ያለችኝ ለትናንሽ ዓሣ የገዛኋት ናት። እሷ ትበቃ ይሆን? ካልበቃችም ኪሴን የማያራቁት ምክር ለግሱኝ።

ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ያችን ዘንግ እቤት ተዋት። ችግሩ ዓሣው ብቻ አይደለም፤ የምትወረውረው ሉር፣ ማለትም መንጠቆ ያለበት ሰው ሠራሽ ማታለያ፣ ራሱ ይሰብራታል። የተለመደ ዘንግ የሚችለው አንድ አውንስ ገደማ ነው። የመስኪ ሉሮች በአብዛኛው ከ2 አውንስ ይጀምራሉ፤ ትላልቆቹ የጎማ ሉሮች ግማሽ ፓውንድና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። ዓሣውም ቢሆን የዋዛ አይደለም። የሚኒሶታ የክብደት ሪከርድ በ2022 ከዚያው ከምትሄድበት ሐይቅ የወጣ መስኪ ነው፣ ወደ 56 ፓውንድ።

ሱቅ ስትገባ ዋጋውን ከማየትህ በፊት ከእጀታው ከፍ ብላ የተጻፈችውን ጽሑፍ አንብብ። ርዝመቱ 8 ጫማ ከ6 ኢንች ወይም 9 ጫማ ይሁን። ጥንካሬው "ሄቪ" ወይም "ኤክስትራ ሄቪ" ይበል። የሉር ክብደቱ ከ2 ወይም ከ3 እስከ 8 አውንስ ከሆነ ለጀማሪ ሁሉንም ይሠራልሃል። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ውስጥ በቂ ዘንግ አለ። ኦኩማ፣ ሺማኖ፣ መቀመጫው እዚሁ ጎረቤታችን ዊስኮንሲን የሆነው ሴንት ክሮይ፣ ሁሉም በዚህ አካባቢ የሚሸጡት አላቸው። የ400 ዶላሩ በዋናነት የሚጨምርልህ ቅለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲወረውር ለሚውል ሰው ቅለት ትልቅ ነገር ነው፤ በዓመት አንዴ ሁለቴ ለሚወጣ ግን ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ።

ርዝመቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ጀልባው ላይ ይገባሃል። መስኪ ሉሩን እስከ ጀልባው ድረስ ዝም ብሎ ይከተላል። አንተ ጨረስኩ ብለህ ስታወጣው እሱም ዞሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሉሩን ከውሃ አታውጣ። የዘንጉን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክረህ 8 ቁጥርን እየሣልክ አዙረው። ትልቅ ዓሣ በጠባብ ኩርባ መታጠፍ አይችልም። ረጅም ዘንግ ኩርባውን ሰፊ ያደርግልሃል። ብዙ መስኪ የሚያዘው እዚያው፣ እግርህ ሥር ነው። ልብህን በእጅህ ያዝ!

ከዘንጉ የተረፈህን ብር ሌላው ላይ አውለው። ክሩ የተጎነጎነ፣ 80 ፓውንድ የሚችል ይሁን። በዛ አትበል። ስትወረውር ሪሉ (ክሩ የሚጠቀለልበት) መሃል ላይ ከተቆላለፈ ቀጭኑ ክር ይበጠስና የ25 ዶላር ሉርህ ብቻውን ይበርራል። ጫፉ ላይ የብረት ሽቦ ወይም 100 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚችል ፍሎሮካርቦን የሚሉትን ወፍራም ክር እሰር፣ ጥርሱ ክሩን እንደ ምላጭ ነው የሚቆርጠው። ረጅም ፒንሳና መንጠቆ የሚቆርጥ ጉጠትም ያስፈልጋል። ትልቁ መረብ ባልደረባህ ጋ ይኖራል።

ያገለገለ ዘንግ ካገኘህ አትናቅ። ግን ጥጥ ይዘህ ሂድ። ክሩ በሚያልፍባቸው ቀለበቶች ውስጥ ጥጡን አዙር። ጥጡ የሆነ ቦታ ላይ ከተያዘ ቀለበቱ ተሰንጥቋል ማለት ነው፣ ክርህን ይበላዋል። ዋጋ አስቀንስ ወይም ተወው።

የዓሣ ማጥመጃ ላይሰንስ እንዳትረሳ። እዚህ 60 ቀን ከኖርክ የነዋሪውን ታወጣለህ፣ ዋጋው ከእንግዳው ይቀንሳል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦

ጋሼ ያሉት ለሐይቅና ለጀልባ ልክ ነው። ለእኛ ግን ትንሽ ይለያል። ፖቶማክ ወንዝ ላይኛው ክፍል ላይ መስኪ አለ። እኛ ከዳር ወይም ከካያክ ነው የምንወረውረው። ከኋላህ ዛፍ፣ ከላይህ ቅርንጫፍ እያለ 9 ጫማ ዘንግ ዕዳ ነው። 8 ጫማ ይበቃል፣ ሉሩም አነስ ይላል። ሁሉም እንደ ውሃው ነው።

ከብሩክሊን ፓርክ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ዓሣው ይበላል? ባለቤቴ ከወዲሁ ድስት ጥዳለች። ሁለተኛ፣ 9 ጫማ እንጨት ካምሪ ውስጥ እንዴት ይገባል?

ከሴንት ፖል፦

ድስቱን ታውርደው፣ ወይ ዎልአይ ለሚባለው ለሚበላው ዓሣ ታቆየው! ሚኒሶታ ውስጥ በአብዛኛው ውሃ ላይ መስኪ ይዞ ለመሄድ ቢያንስ 54 ኢንች መሙላት አለበት፣ ወደ 137 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የሞላውንም ቢሆን ሰዉ ፎቶ አንስቶ ይለቀዋል። ሐዋሳና ዝዋይ ዳር ዓሣ ጥብስ እየበላን ላደግን ሰዎች መጀመሪያ ላይ እብደት ይመስላል። ግን ይህ ዓሣ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ ቁጥሩም ትንሽ ነው። ትልልቅ አዳኝ ዓሣ ደግሞ ሜርኩሪ ያጠራቅማል፣ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር አይመከርም። ስትለቀው ቶሎ በል፤ መንጠቆውን ስትነቅል ዓሣው መረቡ ውስጥ፣ ውሃው ውስጥ ይቆይ። ጁላይ ላይ ውሃው በጣም ከሞቀ እኛ ጭራሽ አንወጣም፤ ብትለቀውም ሊሞት ይችላል።

ስለ መኪናው፣ እጀታው ወደ ውስጥ የሚገባ ዓይነት አለ። ስትጭነው አንድ ጫማ ያህል ያጥራል። ሻጩን "ቴሌስኮፒክ" በለው። የፊተኛውን ወንበር አጋድመህ ጫፉን ወደ ዳሽቦርዱ አድርገው። በሩን ከመዝጋትህ በፊት ጫፉ የት እንዳለ እይ፤ ብዙ ዘንግ የሚሰበረው በዓሣ ሳይሆን በመኪና በር ነው። በኢንተርኔት ከማዘዝም ከሱቅ ግዛ፣ የረጅም ዘንግ ማጓጓዣ ውድ ነው። ቅዳሜ ነፃ ከሆንክ ጻፍልኝ፣ አብረን ሄደን እናያለን።