የማሳደጊያዋ እናት የድራማ ጀግና ትሁን ወይስ አትሁን?

አወያይ፦
ሰላም የጅማ ልጆች! የከተማችን የድራማ ክበብ ልጆች ስለ ሕፃናት ማሳደጊያ ተከታታይ ድራማ እየጻፉ ነው። ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው። አንዲት ወጣት ማሳደጊያ ውስጥ ሥራ ትጀምራለች። ልጆቹ ይወዷታል። ቀስ በቀስ የሁሉም እናት ትሆናለች። መነሻቸው «ቺኪቲታስ» የሚባለው የአርጀንቲና ድራማ ነው። ለማታውቁት፦ ክሪስ ሞሬና የፈጠረችው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1995 ቴሌፌ በሚባለው ጣቢያ ጀመረ። ቤሌንን ሆና የተጫወተችው የገዛ ልጇ ሮሚና ያን ናት። ቤሌን ማሳደጊያ ላሉት ልጆች እናት የምትሆነው ወጣት ናት። ብራዚሎችም እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 የራሳቸውን ሠርተዋል፤ እዚያ ፍላቪያ ሞንቴይሮ ካሮሊናን ሆና ተጫውታለች። እንግዲህ ጥያቄው፦ እንዲህ ያለች ጀግና ወላጅ ላጡ ልጆች ትጠቅማለች ወይስ ትጎዳለች? ተከራከሩ፤ ስድብ ግን የለም።

የፈረንጅ አራዳዋ፦
ትጠቅማለች እንጂ! እኔ መድረክ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ለሴት ተዋናይ ምን ዓይነት ገጸ ባሕርይ እንደሚሰጣት አውቃለሁ። ወይ ባሏ የከዳት ሚስት፣ ወይ ነገረኛ ጎረቤት፣ ወይ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ። ቤሌን ግን ታሪኩን ራሷ ትመራዋለች። ሀብታሙን ሰውዬ ፊት ለፊት ትጋፈጠዋለች፤ የምትሟገተውም ላልወለደቻቸው ልጆች ነው። ሮሚና ያን እ.ኤ.አ. በ2010 ገና በ36 ዓመቷ ስትሞት እሷን እያዩ ያደጉ ሁሉ እንደ ቤተሰብ ነው ያዘኑት። ተዋናይ ልጆች ልብ ውስጥ እንዲህ ስትገባ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞ ልጆቹም በታሪኩ ውስጥ ሰው ናቸው። ይጣላሉ፣ ይቀናሉ፣ ይዘፍናሉ። የእኛ ቴሌቪዥን ላይ ወላጅ ያጣ ልጅ የሚታየው በበዓል ሰሞን፣ ስጦታ ሲቀበል ነው። ይሄ ይሻላል።

የቆጪው መምህር፦
እህቴ፣ የመጨረሻው ነገርሽ ልክ ነው፤ እስማማለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ነው። ቃና በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ልጆች ማታ ያዩትን ጠዋት ይዘውት ይመጣሉ። ንግግሩን፣ አለባበሱን፣ ቁጣውን ሳይቀር። ድራማው ማሳደጊያ ውስጥ የምትዘፍን ቆንጆ እናት ካሳየ፣ ከማሳደጊያ የመጣችውን ተማሪዬን ጓደኞቿ ይጠይቋታል። «የናንተም እንደዚያች ናት?» ይሏታል። ምን ብላ ትመልስ?

የሂርማታዋ፦
መምህር፣ እኔ ልመልስልዎ። ማሳደጊያ ውስጥ ሞግዚት ሆኜ ሠርቻለሁ። የት እንደሆነ አልናገርም።

ሞግዚት በፈረቃ ነው የምትሠራው። ማታ ያስተኛችው ልጅ ጠዋት ሲነሳ ሌላ ሴት ያገኛል። ደሞዙ ትንሽ ነው። የተሻለ ሥራ ስታገኝ ትሄዳለች። ስታገባ ትሄዳለች። ትሂድ፣ መብቷ ነው። ልጁ ግን «እማ» ብሎ የጠራት እሷን ነበር። ለሚቀጥለዋም «እማ» ይላል። ከሦስተኛዋ በኋላ የሚሉት ለአፍ ያህል ነው።

ድራማውም ይሄው ደርሶበታል። ሮሚና ያን ከወጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 ግሬሲያ ኮልሜናሬስ አና ሆና መጣች። ቀጥሎ ሮሚና ጋኤታኒ ሉዝ ሆና መጣች። ተዋናይ ሲለወጥ እናት ተለወጠች ማለት ነው። ድራማው ላይ አዲሷ መጥታ ታሪኩ ይቀጥላል። እውነተኛው ቤት ውስጥ እንደዚያ አይደለም። ትንንሾቹ በር የገባ ሰው ላይ ሁሉ ይጠመጠማሉ። እንግዳው «አቤት ፍቅር!» ይላል፤ ፎቶ ይነሳል። ያ ፍቅር አይደለም። ልጁ የኔ የሚለውን ሰው ስላላወቀ ሁሉንም ያቅፋል። ከፍ ሲል ደግሞ ማንንም ማቀፍ ይተዋል። እኔን ያስለቀሰኝ ይሄኛው ነው።

ስለዚህ ክበቡን የምለምነው፣ «ጥሩ ሴት ከመጣች ማሳደጊያ ቤት ይሆናል» ብላችሁ ለልጆች እንዳትነግሩ ነው። ጥሩ ሴቶች ነበርን። አልበቃንም።

ተማሪው፦
እትዬ ያሉት በጥናትም የተረጋገጠ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሶሻል ወርክ እያጠናሁ ነው። ሩማንያ ቡካሬስት ውስጥ ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚያና የሚባሉ ተመራማሪዎች ማሳደጊያ ያሉ 136 ሕፃናትን ወሰዱ። በዕጣ ግማሾቹ ሠልጥነው ክፍያ ወደሚያገኙ አሳዳጊ ቤተሰቦች ሄዱ። የቀሩት ማሳደጊያው ውስጥ ቆዩ። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ እድገትም፣ ሰው ላይ በመተማመንም በለጡ። በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት። እዚያ የቀሩት ወደኋላ የቀሩት ሞግዚቶቹ ክፉ ሆነው አይደለም። አንዲት ሞግዚት የምትይዘው ልጅ ብዙ ነው፤ እሷም ትለዋወጣለች።

የፈረንጅ አራዳዋ፦
ወንድሜ፣ ጥናቱን አከብራለሁ። ግን ድራማ ጥናት አይደለም፤ ሰው ይፈልጋል። እዳዬን፣ አበበች ጎበናን ረሳችኋት? በ1972 ዓ.ም. ለግሸን ማርያም ንግሥ ሄዳ ወሎ ላይ ረሃቡን አየች። ከሞተች እናቷ ጎን የተገኘች ሕፃን ይዛ ተመለሰች። ዓመት ሳይሞላ ቤቷ 21 ልጆች ሞሉት። ባሏ እምቢ አለ፤ ትዳሯን ትታ ከልጆቹ ጋር ወጣች። በ2013 ዓ.ም. ስታርፍ አገር ነው ያለቀሰው። እሷ ጀግና ካልሆነች ማን ይሁን? እንዲህ ያለችውን ሴት ቴሌቪዥን ላይ አታሳዩ ልትሉን ነው?

የሂርማታዋ፦
አልረሳናትም። እዳዬ እኮ ቀረች! አርባ ዓመት ቀረች። ልጆቹ የጠሯት አንድ ሰው እሷ ነበረች። በየዓመቱ ተዋናይ የምትለዋወጥበት ድራማ እሷን ሊያሳይ አይችልም።

የጅሬኗ፦
ልጆቼ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ቆይቼ እያነበብኩ ነው። ሁላችሁም ስለ ማሳደጊያ ታወራላችሁ። እኛ ልጆች ሆነን እዚህ ጅማ ማሳደጊያ የሚባል ማን ያውቅ ነበር? እናት ስትሞት አክስት ትወስዳለች። አክስት ከሌለች ጎረቤት። ኦሮሞ ጉዲፈቻ አለው፤ የወሰዱት ልጅ ከወለዱት አይለይም። ነቢያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ሁለት ጣቶቻቸውን አቀራርበው «እኔና የቲም (አባቱ የሞተበት ልጅ) አሳዳጊ በጀነት እንዲህ ነን» ብለዋል። እኔም አሳድጌያለሁ። የአባቱን ስም አልነጠቅነውም፤ ሃይማኖታችንም አይፈቅድም። እስከ ዛሬ በአባቱ ስም ነው የሚጠራው፤ ቤቱ ግን የእኔ ቤት ነው። ደስ የሚለውን ብቻ እንዳላወራ፣ ዘመድ ስለ ውርስ አጉረምርሟል። የራሴ ልጆች ቀንተዋል። አንዳንድ ሌሊት እኔም ደክሞኝ አልቅሻለሁ። ይሄ ድራማ አይሆንም? የእናንተ ጀግና ልጁን ለምን ቤቷ አትወስደውም?

ተማሪው፦
እማማ፣ አላህ ይስጥልኝ! መንግሥትም በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ ካቆመ ወዲህ ያለን ዋናው መንገድ የአገር ውስጥ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ መንገድ ግን አንድ ድራማ አላየሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። የ«ቺኪቲታስ» ጠንካራው ታሪክ እኮ ቤሌን አይደለችም፤ ሚሊ ናት። ሚሊ ማሳደጊያ ውስጥ ስታድግ ወላጅ እናቷ ጋብሪኤላ በሕይወት ነበረች። ልጅቷን ከእናቷ የለየው የገዛ አያቷ ነው። በዓለም ላይ ማሳደጊያ ካሉት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። እኛ ጋ የሚለያያቸው ሀብታም አያት ሳይሆን ድህነት ነው። ቡና ለቀማ ውላ የምትገባ እናት ሕፃኗን የምታስቀምጥበት የላትም። ያቺን እናት ጀግና አድርጉልኝ። ልጇን ለማስመለስ ስትታገል ይታይ።

የቆጪው መምህር፦
ይሄ ገባኝ። ተማሪዬም ብትጠየቅ የምትመልሰው ይኖራታል። «የኔም እናት እየመጣች ነው» ማለት ትችላለች።

የሂርማታዋ፦
መምህር፣ እሱንም ተጠንቀቁ። የማትመጣም አለች። በር በሩን እያየ ያደገ ልጅ አውቃለሁ።

የፈረንጅ አራዳዋ፦
እሺ፣ እኔ አሁንም ከጀግናዋ አልወርድም። ሞግዚቷን ልጫወታት እፈልጋለሁ። ግን የሂርማታዋ እህቴ እንዳለችው ትጻፍ። ፈረቃዋ ይታይ፤ ደሞዟ ይታይ። አንድ ክፍል ላይ ሥራውን ትልቀቅና ልጆቹ ምን እንደሆኑ ካሜራው እዚያው ቆይቶ ያሳይ። ዘፈን አይግባበት። የእማማን ቤትም ጨምሩ። ልጁ ወደዚያ ሲሄድ ሞግዚቷ ናት ሻንጣውን የምትሸክመው። ተዋናይ እንዲህ ያለ ትዕይንት ካገኘች ሌላ ምን ትፈልጋለች?

የጅሬኗ፦
ማሻአላህ፣ ልጄ። እንዲህ ከሆነ እኔም ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ተማሪው፦
እኔ ግን ማሳደጊያው የታሪኩ ዋና ቤት ሆኖ መቅረቱን አሁንም እቃወማለሁ። በየሳምንቱ የሚታይ ቤት ይለመዳል፤ የተለመደ ደግሞ ይወደዳል። ገንዘብ ያለው ሰው ድራማውን አይቶ ሌላ ማሳደጊያ ልሥራ ነው የሚለው። ያቺን የቡና ለቃሚ እናት ልርዳ አይልም።

አወያይ፦
የክበቡ ልጆች እያነበቡ ነው። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ቅዳሜ ከሰዓት ጮክ ብለው ሊያነቡ አስበዋል። የሂርማታዋ፣ ትመጫለሽ ወይ እያሉ ነው።

የሂርማታዋ፦
እመጣለሁ። ግን ከአሁኑ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማሳደጊያ ያሉ ልጆችን ለትወና ብላችሁ ካሜራ ፊት እንዳታቆሟቸው። ቤተሰብ ያለው ልጅ ይጫወተው። የእነሱ ፊት በቴሌቪዥን ከወጣ፣ ነገ ትምህርት ቤትም ሥራም ሲሄዱ «ያ የማሳደጊያው ልጅ» እንደተባሉ ይቀራሉ። በዚህ ካልተስማማችሁ አልመጣም።