ለሃምስተር ጤና ምን ይገዛ፣ ማንስ ጋ ይኬድ? ጥቆማ

ሃምስተር (አይጥ የምትመስለውን ትንሽ የቤት እንስሳ) ለምታሳድጉ ሁሉ፣ ከመድኃኒት በፊት የምጠቁማችሁ ዕቃ ግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ነው። ሃምስተር ሕመሙን ይደብቃል። በዚያ ላይ ቀን ይተኛል፣ እኛ ስንተኛ እሱ ይነሳል። መታመሙን በዓይናችን እስክናይ ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

ሚዛን ግን ቀድሞ ያሳብቃል። 120 ግራም የነበረ ሃምስተር 108 ከገባ፣ ከክብደቱ አንድ አሥረኛው ጠፍቷል። ፀጉሩ ስለሚሸፍነው ብታዩት ያው ነው። እኔ የኔን በሳምንት አንዴ፣ ማታ ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጌ እመዝነዋለሁ። አንድ የሱፍ ፍሬ ከጣልኩለት ቁጥሩ እስኪረጋ አይንቀሳቀስም። ጉንጩ እህል ሞልቶ ከሆነ ግን ቆዩት፤ ያጠራቀመው ነገር ልኩን ያዛባዋል።

ሐኪሙን ደግሞ ሳይታመም ፈልጉ። የእንስሳት ክሊኒክ ሁሉ ሃምስተር አያክምም፤ ብዙዎቹ የለመዱት ውሻና ድመት ነው። ትንንሽ እንስሳትን አዘውትሮ የሚያይ ካገኛችሁ፣ ራቅ ቢልም እሱን ምረጡ። ስልክ ስትደውሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ለሃምስተር የማይሰጠው አንቲባዮቲክ የትኛው ነው?» አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ፔኒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን የሚሉ ስሞች ከመጡ ጥሩ ቦታ ደውላችኋል። እነዚህ አንጀቱ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጨርሱና ክሎስትሪዲየም የሚባለው መርዛማ ባክቴሪያ እንዲራባ ዕድል ይሰጡታል። ከዚያ የሚመጣው ተቅማጥ ይገድላል። ስለዚህ ቤት የተረፈ የሰው አንቲባዮቲክ፣ በጠብታ እንኳን ቢሆን፣ በፍጹም አይሰጥ።

ከሕመሞቹ ሁሉ አጣዳፊው እርጥብ ጭራ የሚባለው ነው። በብዛት የሚይዘው ከእናቱ ገና የተለየና ቤት የቀየረ ግልገል የሶሪያ ሃምስተር ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው። ከጭራው ሥር ያለው ፀጉር ረጥቦ ይጣበቃል፣ ይሸታል። ጀርባውን አጉብጦ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ የሚወደውን ምግብ ስታቀርቡለት ፊቱን ያዞራል። በ48 ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። «እስከ ነገ እንየው» አይባልም፣ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ነው።

ለዚህ ሕመም ያለ ማዘዣ የሚሸጡ፣ የመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚጨመሩ ጠብታዎች አሉ። አልመክራቸውም። እርጥብ ጭራ የያዘው ሃምስተር ውሃ እምብዛም አይጠጣም፣ ስለዚህ መድኃኒቱ ጠርሙሱ ውስጥ ይቀራል። ከነሱ ይልቅ መርፌ የሌለው የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ቤት ይኑራችሁ። ሐኪሙ የሚያዝዘውን ፈሳሽ በከንፈሩ ጎን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ትሰጡበታላችሁ። በግድ ከተጋተው ግን ወደ ሳንባው ይገባል። ጓደኛ ካለው ለዩት፣ የረጠበውን ጉዝጓዝ አውጡ፣ ሙቀት እንዳይርቀው አድርጉ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ስለ ጉዝጓዝ ካነሳን፣ ማስነጠስና የዓይን ማልቀስ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይጀምራል። የሴዳርና በሙቀት ያልደረቀ የፓይን ሰጋቱራ ሽታው ለኛ ደስ ቢልም የሃምስተርን መተንፈሻ ያስቆጣል። ሽቶ የተጨመረበትም እንደዚያው። የወረቀት ጉዝጓዝ ይሻላል፤ ካልተገኘ አቧራው የተነፋ የአስፐን ሰጋቱራ። ከሁሉ የከፋው ለመኝታ ተብሎ የሚሸጠው እንደ ጥጥ የተባዘተው ነው። ክሩ እግሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ከዋጠው ደግሞ አንጀቱን ይዘጋል። በሱ ፈንታ ሽታ የሌለው የመጸዳጃ ወረቀት ቀዳዱለት፣ በቂው ነው። ሲተነፍስ ድምፅ ካለው ወይም ጎኑ ገባ ወጣ ካለ ግን ጉዝጓዝ መቀየር ብቻውን አያድነውም፣ ሐኪም ይየው።

ፀጉሩ ሲሳሳና ቆዳው ሲቀረፍ ለውሻና ለድመት የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት ለመርጨት አትቸኩሉ። መጠኑ ለዚህች ሰውነት አልተሠራም። ሐኪሙ ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ካየ በኋላ፣ ተባይ ካገኘ፣ አይቨርሜክቲን ወይም ሴላሜክቲን የሚባል የተባይ መድኃኒት በክብደቱ ልክ ያዝዛል። በነገራችን ላይ፣ የሶሪያ ሃምስተር ሁለት ጎኖች ላይ ያሉት ጠቆር ያሉ ነጥቦች ቁስል አይደሉም፤ የሽታ ዕጢዎች ናቸው።

ድንክ ሃምስተር ያላችሁ፣ በተለይ የካምፕቤል ዝርያ ከሆነ፣ ስኳር በሽታን አስቡ። የውሃው ጠርሙስ ቶሎ ቶሎ ካለቀና ጉዝጓዙ ከወትሮው በላይ ከረጠበ ጥርጣሬ አለ። ከፋርማሲ የሚገዛ የሽንት ስኳር መለኪያ ስትሪፕ ለመጀመሪያ ምርመራ ይጠቅማል። በማር የተጣበቁ የእህል ዘንጎችንና የዩጎርት ጠብታዎችን ግን ማሸጊያቸው ላይ የሃምስተር ሥዕል ቢኖርም ተዉአቸው።

መሮጫ ጎማው ወለሉ ድፍን ይሁን፤ በሽቦዎቹ መሀል እግር ይሰበራል። ጥርሱ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ቢሆን አትደንግጡ፣ ቀለሙ ነው። ከረዘመና ከተጣመመ ግን በጥፍር መቁረጫ አትንኩት፣ ይሰነጠቃል፤ የሐኪም ሥራ ነው።

ብርድ ሲበረታ ቀዝቅዞ ድርቅ ያለ ሃምስተር ካገኛችሁ ሞተ ብላችሁ አትቅበሩት። ጢሙን እዩ፣ በጣም ቀስ ያለ ትንፋሽ ሊኖር ይችላል። መዳፋችሁ ውስጥ ይዛችሁ ቀስ በቀስ አሙቁት። ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከርና ማሞቂያ ላይ ማስቀመጥ አይሆንም። ሲነቃ ውሃና ምግብ አቅርቡለት፣ ከዚያ ክፍሉን ከ18 እስከ 24 ዲግሪ አቆዩት።