የሩዝ ዘር፣ ዩሪያና መፈልፈያ፦ ከኮምቦልቻ በታች ለምታርሱ ጥቆማ

ወደ ሐርቡ በኩል ውሃ የሚተኛበት ሁለት ጥማድ መሬት ያለው ወንድማችን «ሩዝ ልዘራ ነው፤ ዘሩን ከየት ልግዛ? ዩሪያውን ስንት ላድርግ? የትስ ላስፈልፍል?» ብሎ ጠይቋል። ደሴ እየኖርኩ እዚያው አካባቢ ሦስት ክረምት ሩዝ ዘርቻለሁና ያየሁትን ልንገርህ። ካለህ ገንዘብ ላይ ለዘሩ ቅድሚያ ስጥ። ዩሪያው ይቆይህ።

በመጀመሪያው ዓመት ለምግብ የመጣ ያልተፈለፈለ ሩዝ ከገበያ በርካሽ ገዛሁና፣ ያውም ሐምሌ ተጋምሶ፣ ዘራሁት። ቡቃያው ለጉድ ነበር፤ ጎረቤቶቼ አላፊ አግዳሚውን እያስቆሙ ያሳዩት ነበር። ጥቅምት ሲያልቅ ግን ዘለላው ቀጥ ብሎ እንደቆመ ቀረ። ፍሬ የያዘ ሩዝ ያጎነብሳል፤ ባዶው ነው አንገቱን የሚያሰግገው። አጭደንና ወቅተን ስናበጥር ሰፌዱ ላይ ከቀረው ይልቅ እብቅ ሆኖ የሄደው በለጠ። ሻጩን ስረግም ከረምኩ። ግማሹ ጥፋት የራሴ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘለላው ከመውጣቱ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ገና በአገዳው ውስጥ ተሸፍኖ ሳለ፣ ሩዝ የአበባ ብናኙን ያዘጋጃል። በዚያ ሰሞን የአየሩ አማካይ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በታች እየወረደ በሄደ ቁጥር ብናኙ እየመከነ ይሄዳል፤ ካልተራከበ ቅርፊት ውስጥ ደግሞ ፍሬ የለም። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚበርድ ለእናንተ አይነገርም። ዘግይቶ የተዘራ ሩዝ ያን ብርድ በዚያው ክፉ ሰዓቱ ያገኘዋል። ወደ ቆላ ወርዳችሁ የምታርሱ ደግሞ ስጋታችሁ ተቃራኒው ነው፦ አበባው ሲከፈት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ካለፈም ፍሬው ይመክናል።

ስለዚህ ወደ ዘሩ እንምጣ። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ፎገራ ላይ ገበሬው ለረጅም ዘመን ይዞት የቆየ ነው። የፎገራ ሜዳ ከፍታ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከኮምቦልቻ ብዙም አይርቅም፤ ዝርያው ውሃ የሚተኛበትን መሬትም ይወዳል። ኔሪካ 4 የአፍሪካና የእስያ ሩዝ ተዳቅለው ከተገኙት ዝርያዎች አንዱ ነው፤ ውሃ ለማይተኛበት መሬት የተመረጠ ነው። ለአንተ መሬት እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ወረታ የሚሄድ ሰው ካለህ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልን ስለ አዳዲሶቹ ዝርያዎች ይጠይቅልህ። ያ ከራቀህ ወልድያ ሳትደርስ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለልህ፤ ሄዶ መጠየቅ ከመኪና ኪራይ በቀር አያስከፍልም። የገበያ ዘር ግን ዝርያው ድብልቅ ነው፤ አንዱ ሲያብብ ሌላው ገና ቡቃያ ነው።

ከየትም ግዛው፣ ሳትዘራ በጨው ውሃ ፈትነው። ባልዲ ውሃ ውስጥ ትኩስ እንቁላል ጣልበት፤ እስኪንሳፈፍ ድረስ ጨው እየጨመርክ አማስል። እንቁላሉን አውጥተህ ዘሩን ጨምር። የተንሳፈፈው ያልሞላ ስለሆነ ለዶሮ ይሁን፤ የሰመጠውን በንጹሕ ውሃ ደጋግመህ አጥበህ ዝራ። ከሁሉም ጥቆማዬ ርካሹ ይኸኛው ነው።

ዩሪያን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ምክንያት አለው፤ ቅጠሉ ሲጠቁር ምርት ይመስላል። የሩዝ ዘለላ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ታች እያበበ ይወርዳል። ቀድመው ያበቡት የላይኞቹ ምግቡን ቀድመው ይስባሉ፤ የታችኞቹ የተረፈውን ይጠብቃሉ። ዩሪያ ሲበዛ የፍሬው ቁጥር ይጨምራል፣ ቅጠሉም እርስ በርሱ ይጋረዳል፤ ለዚያ ሁሉ ፍሬ የሚበቃ ምግብ ግን አይገኝም። በዚያ ላይ ይጋሽባል። ከዘር ጋር ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ፣ ዩሪያውን ደግሞ ከፋፍለህ ስጥ፦ ከሥሩ አዳዲስ ቡቃያ ሲያወጣና ዘለላው በአገዳው ውስጥ መፈጠር ሲጀምር። ካበበ በኋላ ማዳበሪያውን ተወው። ውሃው ግን በዚያ ጊዜ እንዳይጎድል፤ ከማበብ እስከ እሸት ያለው ጥም የፍሬውን ክብደት ይበላል። ከአጨዳው ሁለት ሳምንት ሲቀር አጠንፍፈው።

ለመብል ብቻ የምትፈልጉ የደሴ እህቶች፦ ከጤፍ ጋር ቀላቅላችሁ ለምትጋግሩት እንጀራ የፎገራው ይበቃችኋል፤ ከውጭ ለሚገባው ብዙ አትክፈሉ። ስትገዙ እፍኝ ወደ ብርሃን ያዙት። ሆዱ እንደ ኖራ የነጣው ሲያሸት በደንብ ያልሞላ ነው፤ ሲፈለፈልም ቶሎ ይሰበራል።

መፈልፈያው ሁለት ዓይነት ነው። ባለ ብረቱ አሮጌ ማሽን በአንድ ጉዞ ቅርፊቱንም ፍትጉንም ይጨርሳል፤ ከመቶ ኪሎ ሃምሳ፣ ቢበዛ ሃምሳ አምስት ኪሎ ነው የሚሰጥህ። እኔ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ቤት ገብቼ ስብርባሪ ይዤ ወጥቻለሁ። ቅርፊቱን በጎማ ጥቅልል የሚያወልቀው ከስልሳ አምስት እስከ ሰባ ያወጣል። ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም ወደዚያ ሂድ፤ ከመክፈልህ በፊት ግን አንድ ጣሳ አስፈልፍለህ እይ። የትኛውም ማሽን በደንብ ያልደረቀ ሩዝ አይምርም። በሸራ ላይ በስሱ አስጣው፣ ደጋግመህ አገላብጠው፤ ፍሬውን ስትነክሰው ቀጭ ካለ ጫነው፣ ከተደፈጠጠ አንድ ቀን ጨምርለት።