ሁለት የዩኤስቢ ሲሪያል መቀየሪያዎች ስማቸውን ይለዋወጣሉ፤ ቋሚ ስም እንዴት ልስጣቸው?

ጥያቄ፦ ቋሚ ስም ፈላጊ

ሰላም ለሁላችሁ። በሊኑክስ በሚሠራ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት የዩኤስቢ ሲሪያል መቀየሪያዎች (የዩኤስቢ ወደብን ከሲሪያል መስመር ጋር የሚያገናኙ ትንንሽ መሣሪያዎች) ተሰክተዋል፤ አንደኛው ከሙቀት መለኪያ፣ ሌላው ከሞተር መቆጣጠሪያ ጋር ይገናኛል። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን «/ዴቭ/ቲቲዋይዩኤስቢ0»፣ ሁለተኛውን «/ዴቭ/ቲቲዋይዩኤስቢ1» ብሎ ይጠራቸዋል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ግን አንዳንድ ጊዜ ስማቸውን ይለዋወጡና ለሞተሩ የታሰበው ትእዛዝ ለመለኪያው ይደርሳል። ከዚህም ሌላ የመጠባበቂያ ቅጂ የማስቀምጥበት የውጭ ዲስክ አንዴ «ኤስዲቢ»፣ አንዴ «ኤስዲሲ» እየሆነ ስለሚመጣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈቱ ዲስኮች በሚዘረዘሩበት በ«ኤፍስታብ» ፋይል ውስጥ ያለው መስመር አልፎ አልፎ ይከሽፋል። መፍትሔውን ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የከርነል አንባቢ

ከስሙ ኋላ ያለው ቁጥር ወይም ፊደል የመሣሪያው መታወቂያ ሳይሆን የተራ ቁጥር ነው። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) አዲስ መሣሪያ ባገኘ ጊዜ ያልተያዘውን የመጀመሪያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ደግሞ መሣሪያዎችን የመለየቱ ሥራ ጎን ለጎን ስለሚካሄድ ማን ቀድሞ እንደሚዘጋጅ ማረጋገጫ የለም። ከርነሉ በውስጡ መሣሪያውን የሚያውቀው በሁለት ቁጥሮች ነው፦ ዋናው ቁጥር ድራይቨሩን (መሣሪያውን የሚያሠራውን ፕሮግራም)፣ ንዑሱ ቁጥር ደግሞ በዚያ ድራይቨር ሥር ያለውን መሣሪያ ያመለክታል። የመሣሪያ ፋይሎች የሚቀመጡበትን የ«/ዴቭ» ማውጫን ዝርዝር ከፍተው ቢመለከቱ፣ በተራ ፋይል ላይ መጠኑ በሚጻፍበት ቦታ ለመጀመሪያው መቀየሪያ 188 እና 0፣ ለሁለተኛው 188 እና 1 ተጽፎ ያገኛሉ። ለ«ኤስዲኤ» 8 እና 0፣ ለ«ኤስዲቢ» 8 እና 16 ይሆናል፤ በ16 የሚዘለለው ለእያንዳንዱ ዲስክ አንድ፣ ለክፍልፋዮቹ ደግሞ 15 ንዑስ ቁጥሮች ስለሚያዙ ነው።

መሣሪያ ሲሰካ ከርነሉ የመሣሪያ ፋይሉን ራሱ ይፈጥራል፤ ወዲያውም «ዩዴቭ» ለሚባለው አገልግሎት መልእክት ይልካል። በ2003 የተጀመረውና በ2012 ወደ ሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሳ አገልግሎቶችን ወደሚያስጀምረው ሥርዓት) የተጠቃለለው ይህ አገልግሎት ደንቦችን አንብቦ የፋይሉን ባለቤትና ፈቃድ ይወስናል፣ ተጨማሪ ሊንኮችንም (ወደዚያው ፋይል የሚያመለክቱ ሌሎች ስሞችን) ያበጃል። የእርስዎ መፍትሔ ያለው በእነዚህ ሊንኮች ዘንድ ነው። ከርነሉ የሰጠውን ስም ራሱን ለመለወጥ አይሞክሩ፤ ዩዴቭ እንዲህ ያለውን የስም ለውጥ የሚፈቅደው ለኔትወርክ መሣሪያዎች ብቻ ነው።

መልስ፦ ዲስክና ክፍልፋይ

የዲስኩ ጉዳይ ቀላል ነው። «ቢኤልኬአይዲ» የሚለው ትእዛዝ የፋይል ሥርዓቱን ልዩ መለያ፣ ማለትም ዩዩአይዲውን ያሳይዎታል፤ በ«ኤፍስታብ» ውስጥ በመሣሪያው ስም ፈንታ እርሱን ይጻፉ። በዚያው መስመር «ኖፌይል» የሚለውን አማራጭ ቢጨምሩ ይበጃል፤ አለበለዚያ ዲስኩ ሳይሰካ ሲቀር ሲስተምዲ እንደ ልማዱ 90 ሴኮንድ ጠብቆ ወደ አደጋ ጊዜ ሁኔታ ይገባል። ዲስኩ እንደገና ፎርማት ከተደረገ መለያው እንደሚለወጥ፣ አንዱ ዲስክ በሌላው ላይ እንዳለ ከተገለበጠ ደግሞ ሁለቱ አንድ ዓይነት መለያ እንደሚይዙ ግን ልብ ይበሉ።

መልስ፦ ሽቦና ሶኬት

ለመቀየሪያዎቹ «/ዴቭ/ሲሪያል/ባይ-አይዲ» የሚለውን ማውጫ ይክፈቱ። በዚያ ያሉት ሊንኮች ከአምራቹ ስም፣ ከሞዴሉና ከመለያ ቁጥሩ የተሠሩ ስለሆኑ ፕሮግራምዎ በእነርሱ ቢጠቀም ተራው ቢለዋወጥም አይሳሳትም።

ቋሚ ስም ፈላጊ

እናመሰግናለን፤ የዲስኩ ችግር ተፈትቷል። በ«ባይ-አይዲ» ውስጥ ግን ሁለቱም ተሰክተው ሳለ አንድ ሊንክ ብቻ ነው የሚታየው። መቀየሪያዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው።

መልስ፦ ሽቦና ሶኬት

እንግዲያውስ ቺፑ የራሱ መለያ ቁጥር የለውም ማለት ነው፤ ሲኤች340ን በመሰሉ ርካሽ ቺፖች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች ስለ ራሳቸው የሚናገሩት ቃል በቃል አንድ ስለሆነ የሚጠይቁትም አንድ ሊንክ ነው፤ የሚይዘውም አንዳቸው ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ የሚለያቸው የተሰኩበት ሶኬት ብቻ ስለሆነ «ባይ-ፓዝ» የሚለውን ማውጫ ይጠቀሙ። ሞተር ያለበት ሥራ ስለሆነ ግን እኔ ብሆን ሁሉም ሰው አንብቦ የሚረዳው ስም የሚሰጥ ደንብ እጽፍ ነበር።

በመጀመሪያ «ዩዴቭአድም ኢንፎ» በሚለው ትእዛዝ የመሣሪያውንና ከበላዩ ያሉትን ወላጆች (እርሱ የተያያዘባቸውን መሣሪያዎች) ባሕርይ ያውጡ። ከወላጆቹ መካከል «1-1.2» የመሰለ ስም ያለው ያገኛሉ፤ ይህም በመጀመሪያው ባስ (የዩኤስቢ መስመር)፣ ወደብ 1 ላይ የተሰካ ሃብ (አንዱን ወደብ ለብዙ የሚያካፍል መሣሪያ)፣ የዚያው ሃብ ወደብ 2 ማለት ነው። ከዚያም «/ኢቲሲ/ዩዴቭ/ሩልስ.ዲ» ውስጥ አዲስ ፋይል ከፍተው የሚከተለውን ያስፍሩ፤ ቁልፎቹ በትልልቅ የላቲን ፊደላት ይጻፋሉ፦

ሰብሲስተም=="ቲቲዋይ"፣ ከርነልስ=="1-1.2"፣ ሲምሊንክ+="ሞተር"

ለመለኪያውም በራሱ ወደብ ቁጥር ሌላ መስመር ይጨምሩ። ሁለት እኩል ምልክት ማመሳከሪያ ነው፤ አንድ እኩል ምልክት ግን እሴት ይሰጣል። በሊንኩ ላይ የመደመር ምልክቱ ከተዘነጋ ቀደም ሲል የተመዘገቡት ሊንኮች ይሰረዛሉ፣ «ባይ-ፓዝ»ም አብሮ ይጠፋል። ቀጥሎ በ«ዩዴቭአድም» ደንቦቹን እንደገና አስነብበው መሣሪያውን ነቅለው ይሰኩት።

መልስ፦ የከርነል አንባቢ

አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ ደንብ ውስጥ የሚጠቀሱት የወላጅ ባሕርያት ሁሉ ከአንድ ወላጅ የተወሰዱ መሆን አለባቸው። የአምራቹን መለያ ከአንዱ፣ የድራይቨሩን ስም ከሌላው ወላጅ ቢያቀላቅሉ ደንቡ ምንም ስሕተት ሳያሳይ ዝም ብሎ አይሠራም፤ ብዙ ሰው ሰዓታት የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

ቋሚ ስም ፈላጊ

ደንቡ ሠርቷል፤ «/ዴቭ/ሞተር» ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ትክክለኛውን መቀየሪያ ይይዛል። ወደፊት መቀየሪያዎቹን ወደ ሌላ ሃብ ባዛውርስ?

መልስ፦ ሽቦና ሶኬት

የወደብ ቁጥሩ ስለሚለወጥ ደንቡም መስተካከል ይኖርበታል። ከዚህ ለመገላገል ከፈለጉ መለያ ቁጥር ያላቸውን፣ ለምሳሌ በኤፍቲ232አር ቺፕ የተሠሩ መቀየሪያዎችን ይግዙ፤ መለያ ቁጥሩ በቺፑ የውስጥ ማህደረ ትውስታ ስለሚቀመጥ በየትኛውም ሶኬት ቢሰኩ «ባይ-አይዲ» ብቻውን ይበቃል።